ብልጭታና ቅንጣታማነት፦ ከአሞሌ ጨው እስከ ብረታማ ቀለም

የቃል ታሪክ ከዕቃ ታሪክ ተነጥሎ አይጻፍም። በዋግ ኽምራ ደጋ የምትገኘው ሰቆጣ ለረጅም ዘመን የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቈርጦ በትግራይ በኩል የሚመጣው አሞሌ በዚያ እየተራገፈ ወደ ሌሎች አውራጃዎች ይሄድ ነበር። ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ጨው በአገራችን እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ተመልክቶ ጽፏል፤ ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 በስማቸው ብር ካስመቱ በኋላም አሞሌ ወዲያው ከገበያ አልወጣም።

ይኸው ጨው ለዛሬው የስያሜ ችግራችን መልካም አብነት ይሆነናል። ፀሐይ ሲያርፍበት አንዳንዱ የጨው ገጽ እንደ መስተዋት ብርሃኑን ይመልሳል፤ ተመልካቹ ራሱን ጥቂት ሲያዘነብል ያ ነጥብ ጠፍቶ ሌላው ይበራል። ሰማዩ ሲደምን ግን ብልጭታው ይከስማል፤ ዓይን የሚያየው የደማቅና የደብዛዛ ቅንጣቶችን ቅይጥ ብቻ ይሆናል።

የአሉሚኒየም ወይም የሚካ ስንጥር ያለባቸው የመኪና ቀለሞችም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ የመለኪያ መሣሪያዎች ሁለቱን ጠባዮች ለይተው ይይዛሉ፤ የመጀመሪያውን ከተወሰነ አቅጣጫ፣ ለምሳሌ በ15፣ በ45 እና በ75 ዲግሪ በሚመጣ ብርሃን፣ ሁለተኛውን ከየአቅጣጫው በተበተነ ብርሃን ይለካሉ።

ተርጓሚዎች የመጀመሪያውን «አንጸባራቂነት»፣ ሁለተኛውን «ሸካራነት» ቢሉ ሁለት ስሕተት ይፈጠራል። አንጸባራቂነት የጠቅላላው ገጽ ወዝ ነው እንጂ የነጠላ ነጥቦች ብርሃን አይደለም። ሸካራነትም የእጅ ስሜት ነው፤ እዚህ ግን ቀለሙ በመስተዋት መሰል ሽፋን ስር ስላለ ለእጅ ልስልስ ነው፤ የሚታየው ለዓይን ብቻ ነው። ሸካራ የተባለውን ገጽ ሠራተኛው እንከን መስሎት በብርጭቆ ወረቀት ሊፍቀው ይችላል። «ብልጭልጭ» የሚለውም ቢሆን የከንቱ ጌጥና የማታለል ትርጉም ስለ ተጫነው ለሙያ ቃልነት አይመችም።

ስለዚህም ለመጀመሪያው «ብልጭታ»፣ ለሁለተኛው «ቅንጣታማነት» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። ሁለቱም ከሕዝቡ አንደበት ያልራቁ፣ እርስ በርሳቸውም የማይምታቱ ናቸው። ይሁን እንጂ የዋግ ሕዝብ ከአማርኛ ሌላ ኽምጣና የሚናገር ስለ ሆነ፣ በዚያ ቋንቋ ለጨው፣ ለድንጋይና ለረጋ ማር ገጽ የሚነገሩት ቃላት ከባለቤቶቻቸው ተጠይቀው ሳይሰበሰቡ የስያሜው ሥራ ተፈጸመ ሊባል አይገባም።