ከበሮውን ዝም ያሰኘው ሱፍ

የድሮ ስፖርት መኪና ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ፍጥነቱና ስለ ቅርጹ ነው። ከምንጣፉ ሥር ምን እንዳለ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እዚያ ሥር የተደበቀው ነገር ግን የወረኢሉ ደገኛ ከማንም በፊት የሚያውቀው ነው፤ የበግ ጠጉር።

መኪና ከላሜራ የተሠራ ከበሮ ነው። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ፣ ጎማው ጠጠር ሲረግጥ ወለሉና በሩ አብረው ይጮኻሉ። የድሮዎቹ ፋብሪካዎች ለዚህ ሁለት መላ ነበራቸው። አንደኛው ሬንጅ ነው። ከበሮ ላይ መዳፍ ሲያርፍ ድምፁ እንደሚሞት ሁሉ፣ ላሜራ ላይ የተለጠፈ ሬንጅ ንዝረቱን ይይዘዋል። ሁለተኛው ፌልት የሚባለው፣ ከሱፍ ወይም ጆንያ ከሚሠራበት ጁት ተጠቅጥቆ የሚዘጋጅ ወፍራም ንጣፍ ነው። ባዶ ቤት ያስተጋባል፤ ምንጣፍና መጋረጃ ሲገባበት ዝም ይላል። ፌልትም እንዲሁ ነው፤ ድምፁ በጭረቶቹ መካከል ሲሹለከለክ ጉልበቱ ያልቃል።

እ.ኤ.አ. በ1948 የተጀመረው ፖርሽ 356ም ሆነ በ1961 የወጣው ጃጓር ኢ-ታይፕ በእነዚህ ነገሮች ተሸፍነው ነው ከፋብሪካ የወጡት። የአዲስ አበባ ሰው በደንብ የሚያውቀው ቮልስ እንኳ ሞተሩ ዙሪያ ሬንጅ የጠጣ ካርቶን ነበረው።

ሱፍ የተመረጠው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በቀላሉ እሳት አይይዘውም፤ ቢይዘውም ነበልባሉ ቶሎ ይጠፋል። ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞ እንኳ እጅ ላይ ደረቅ ይመስላል። ብርድንም ሙቀትንም ይመክታል።

ይህን ለወረኢሉ፣ ለጃማና ለለጋምቦ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ወረኢሉ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ በ1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የሸዋን ጦር ለዓድዋ ዘመቻ እንዲከትባት ያዘዙባት ከተማ ናት። በወሎና በመንዝ ደጋ የበጉ ጠጉር ይሸለታል፣ ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፤ ከዚያም ሸማኔው ባናና በርኖስ ያደርገዋል። ሌሊቱ ሲበርድ ባና፣ መንገድ ሲወጣ በርኖስ። የደጋው ሰው ሱፍ ምን እንደሚመክት ለማወቅ መኪና እስኪመጣ አልጠበቀም።

መኪናው የመጣው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ በስንት መከራ አዲስ አበባ አስገባው፤ ምኒልክም ወደዱት። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሌላም ነገር አድርገዋል። ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ብረት ሠሪውን ጠይብ እያለ የሚሰድብ ሁሉ እንዲተው የሚያዝ አዋጅ አስነገሩ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መገጣጠማቸው ያስገርማል። መኪናው ወዲያው ተከበረ። ሸማኔው ግን በአዋጅ የተሰጠውን ክብር በኑሮው አላገኘውም። ስድቡም ከአዋጁ በኋላ ብዙ ዘመን ዘለቀ።

ዛሬ ውጭ አገር የድሮ መኪና አድሰው የሚያቆዩ ሰዎች ርካሽ የፕላስቲክ አረፋ ሞልቶ ሳለ እንደ ቀድሞው የተሠራ ፌልት ፈልገው ይገዛሉ፤ የመኪናው ዋጋ በነባር ዕቃው ነውና። አውሮፓ ውስጥ የበግ ሱፍ ለቤት ግድግዳና ጣሪያ ብርድ መከላከያ ተደርጎ ይሸጣል። እዚህ ደግሞ ፖሊስተር ብርድ ልብስ ገበያውን ሲሞላው ባና የሚሸምን እጅ እየሳሳ ነው።

ይህ ማለት የድሮ ነገር ሁሉ ይመለስ ማለት አይደለም። ከእነዚያው መኪኖች ጋር አስቤስቶስም መጥቷል። በሞተሩና በተሳፋሪው መካከል ባለው ግድግዳ፣ በጭስ መውጫው ዙሪያ፣ በፍሬን ሸራና በፍሪሲዮን ውስጥ ነበረ። እሳት አይበግረውም፤ ብናኙ ግን ሳንባ ውስጥ ተቀብሮ ከአስርት ዓመታት በኋላ ካንሰር ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የትኛውም ዓይነት አስቤስቶስ ካንሰር አምጪ ነው ይላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አግዶታል። አሮጌ መኪና ፈትቶ የፍሬኑን አቧራ በኮምፕሬሰር የሚነፋ ወጣት መካኒክ ግን ይህን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። አቧራው አይነፋም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ሬንጁም ቢሆን ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ ፌልቱም ውኃ ከገባበት ወለሉን በዝገት ይበላዋል።

እንግዲህ ከአንድ ምንጣፍ ሥር ሁለት ውርስ አለ። አንዱ የሚገድል ነው፤ ዘመናዊ ተብሎ ስለመጣ ግን ጋራዥ ውስጥ ማንም አልጠረጠረውም። ሌላው የሚያሞቅና ዝም የሚያሰኝ ነው፤ ከደገኛ እጅ ስለወጣ ግን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። የወረኢሉን ሸማኔ የሚያከብረው ስድብ መቅረቱ ብቻ አይደለም። የሚያከብረው ሱፉን በዋጋ የሚገዛ ሰው ነው። ያ እጅ ከጠፋ በኋላ ባናን ከውጭ በውድ መግዛት ይመጣል።