ጭምብል የሌለው ዳኛ

መቼም እዚህ አገር ቤዝቦል የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ቆቡን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባለፈው ክረምት አንድ እሁድ ከቃሊቲ ተሳፍረን ወደ ዱከም ስንሄድ የሚኒባሱ ረዳት የኒውዮርክ ያንኪስን ቆብ ደፍቶ ነበር። «ምልክቱ የምንድነው?» ብለን ጠየቅነው። «ብራንድ ነዋ!» አለና ሒሳቡን ተቀበለን። እውነቱን ነው። የኛ ሰው ከቤዝቦል የወሰደው ቆቡን ብቻ ነው። ከቆቡ ጋር ልናየው የሚገባ ሌላ ነገር እንዳለ የገባን ግን ዱከም ደርሰን ኳስ ሜዳ ዳር ከቆምን በኋላ ነው።

ጨዋታው የሰፈር ውድድር ነው። ተጫዋቾቹ ማልያ አላቸው፤ ግማሾቹ የቅልጥም መከላከያ አድርገዋል፤ በረኞቹ ጓንት አጥልቀዋል። ዳኛው ያለው ፊሽካ ነው። ከእረፍት በኋላ አንድ ጎል ሻረ። የተከተለውን መገመት አያቅታችሁም። አሥር አሥራ አምስት ሰው ከበበው፤ አንዱ ገፈተረው፤ ሌላው አንገቱ ስር ያዘው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች መሀል ገብተው አስጣሉት እንጂ ነገሩ በዚያ አያበቃም ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ጠጋ ብለን «አልፈራህም?» አልነው። በኛ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው። «እነሱ ለእግራቸው መከላከያ አላቸው። የኔ መከላከያ ደግሞ እግሬ ነው» ብሎ ሳቀ።

አብረነው ሳቅን። በመልሱ መንገድ ላይ ግን ጥያቄው አልለቀቀንም። ለመሆኑ ዳኛን ከአደጋ መጠበቅ የሚባለው ነገር የት ተጀመረ? መልሱን ስንፈልግ ወደ ቆቡ አገር ወሰደን። የቤዝቦል ዳኛ ሜዳ የሚገባው ዘማች መስሎ ነውና! (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሱፍ ልብስ እስከ ሽቦ ጭምብል

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ እንዲህ ነው። ወርዋሪው 18 ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ ይወረውራል፤ መቺው በዱላ ለመምታት ይሞክራል፤ ከሳተው ከኋላው ቁጢጥ ያለው ቀላቢ ይቀልበዋል። ዋናው ዳኛ ከቀላቢው ጀርባ አጎንብሶ ይቆማል። ገና ጨዋታን አስቡትና ዳኛው እሩሩ በሚመጣበት አቅጣጫ ፊቱን ሰጥቶ ቆሟል በሉ። ኳሱ 145 ግራም ገደማ የሚመዝን ጠጣር ነገር ነው። ትልልቆቹ ወርዋሪዎች በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ያስፈነጥሩታል፤ ዳኛው ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። ይባስ ብሎ ዱላውን ጨረፍ አድርጎ ካለፈ አቅጣጫውን ይቀይራል።

በመጀመሪያው ዘመን ዳኛው ሱፍ የለበሰ፣ የተከበረ ሰው ነበር፤ ከሜዳው ጎን ቆሞ ይፈርዳል። የአሜሪካ ናሽናል ሊግ በ1876 ሚያዝያ ወር ፊላደልፊያ ላይ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ የዳኘው ዊልያም ማክሊን ቀድሞ ቦክሰኛ ነበር። (ለሥራው የሚሆን ልምድ ነበረው ማለት ነው!)

ጭምብሉ የተሠራው ለዳኛ አልነበረም። በ1877 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ፍሬድ ታየር የሻሞላ ግጥሚያ ጭምብልን አሻሽሎ ለቡድኑ ቀላቢ አዘጋጀለት፤ በ1878 የፈጠራ መብት ወሰደበት። ሰዉ መጀመሪያ «ፈሪ» እያለ ተሳለቀ፤ ኋላ ግን ያለ ጭምብል የሚቀልብ ጠፋ። ዳኛውም ከቀላቢው ጀርባ መቆም ሲጀምር ጭምብሉን ከተጫዋቹ ወረሰ። የደረት መከላከያውና የቅልጥም መከላከያውም እንደዚሁ ከተጫዋች በኋላ ነው ለዳኛ የደረሱት።

የደረት መከላከያው ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ከ1905 እስከ 1941 የዳኘው ቢል ክሌም ከኮት ስር የሚለበስ ቀጭን መከላከያ ይመርጥ ነበር፤ ናሽናል ሊግ የሱን መንገድ ተከተለ። የአሜሪካን ሊግ ዳኞች ግን በአየር የተነፋ፣ ትንሽ ፍራሽ የሚያክል ነገር ፊት ለፊታቸው ይዘው ይቆሙ ነበር። ፍራሹን የያዘ ዳኛ ዝቅ ብሎ ማየት ይቸግረዋል፤ ኳሱን የሚያየው ከቀላቢው ራስ በላይ ነው። ስለዚህ የሁለቱ ሊጎች ፍርድ እንኳ ይለያያል እየተባለ ይታማ ነበር። ዳኛው የለበሰው መከላከያ ከሚሰጠው ፍርድ ጋር እንደሚገናኝ ልብ በሉ። አሜሪካን ሊግ አዳዲስ ዳኞቹን ከ1977 ጀምሮ ቀጭኑን እንዲለብሱ አዘዘ። የመጨረሻው ባለ ፍራሽ ዳኛ ሥራውን የለቀቀው በ1985 ነው።

ይህ ሁሉ መሣሪያ ግን ዋጋ ተከፍሎበታል። በ1969 ሰኔ ወር ባልቲሞር ላይ ካል ድራሞንድ የተባለ ዳኛ ጭምብሉን በኳስ ተመታ። ጭምብሉ አልተሰበረም፤ ጭንቅላቱ ግን ተጎዳና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በዓመቱ ወደ ሥራ ሊመለስ በታችኛው ሊግ ሲዳኝ ታመመ፤ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። በ1976 ስቲቭ ዬገር የተባለ ቀላቢ የተሰበረ ዱላ ስንጣሪ አንገቱ ላይ ተሰካበት። ከጭምብሉ ስር የሚንጠለጠለው የጉሮሮ መከላከያ የተፈጠረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ለዳኞችም ተረፈ። በ2007 ማይክ ኩልባው የተባለ አሠልጣኝ ሜዳው ዳር ቆሞ ሳለ በኳስ ተመትቶ ሞተ። በዓመቱ ሜዳ ውስጥ የሚቆሙ አሠልጣኞች ሁሉ ሄልሜት እንዲያደርጉ ተደነገገ። መጀመሪያ ደም፣ ቀጥሎ ሕግ። ቅደም ተከተሉ ሁሌም ይሄው ነው።

ጭምብል የማያድነው

እስካሁን ያወራነው ስለ ኳስ ነው። ሰውስ? በ1940 መስከረም ወር ብሩክሊን ላይ ጨዋታው ሲያልቅ አንድ ተመልካች ሜዳ ዘሎ ገብቶ ዳኛ ጆርጅ ማገርከርትን ጥሎ ደበደበው። በ1996 ደግሞ ታዋቂው ተጫዋች ሮቤርቶ አሎማር በፍርድ ተናዶ ዳኛ ጆን ሂርሽቤክ ፊት ላይ ተፋ። የአምስት ጨዋታ ቅጣት ተወሰነበት፤ ግን ቅጣቱ የሚጀምረው በቀጣዩ ዓመት ነው ተባለ። ዳኞቹ «እንዲህማ ከሆነ የዋንጫውን ጨዋታዎች አንዳኝም» ብለው ተነሱ። ፍርድ ቤት ነው ወደ ሜዳ የመለሳቸው። (ሁለቱ ሰዎች በኋላ ታርቀው ወዳጆች ሆነዋል።)

እንግዲህ በዓለም የተሻለ የታጠቀው ዳኛ እንኳ ከሰው እጅና ምራቅ የሚያድነው ትጥቅ አላገኘም። ከኳስ የሚያድነው ብረት ነው፤ ከሰው የሚያድነው ግን ሳይዘገይ የሚፈጸም ቅጣት ነው።

ወደ ቤታችን

እኛ አገር ዳኛው የሚፈራው ኳሱን አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር መጨረሻ በወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና በመከላከያ የፕሪምየር ሊግ ጨዋታ ላይ ዳኛ እያሱ ፈንቴ በተጫዋቾች እየተባረረ ሲደበደብ የሚያሳየው ቪዲዮ ዓለምን አዳረሰ። ዳኞች አንዳኝም አሉ፤ ፌዴሬሽኑም ሊጉን ለጊዜው አቋረጠ። በዚያው ዓመት ሌላው ኢትዮጵያዊ ዳኛ ባምላክ ተሰማ ለሩሲያው የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት መካከል ነበር። ዓለም ያከበረውን ፊሽካ እኛ ሜዳችን ላይ ስናባርር ማለት ነው።

የሚያሳዝነው ዳኛን ማክበር ለኛ አዲስ ትምህርት አለመሆኑ ነው። በድሮው ዘመን ሁለት ባላጋራዎች መንገደኛ አስቁመው «ዳኘን» ሲሉት ያ ሰው ሰይፍም ጭምብልም አልነበረውም። ጠብ ያየ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲል የተነሳ ዱላ ይወርድ ነበር። ያ ቃል የዳኛ ጋሻ ነበር። በጉግስ ተጫዋቹ የቆዳ ጋሻ ይይዛል፤ በገና ጨዋታ ጌታ እንኳ ቢመታ እንዳይቆጣ ተረቱ ያስጠነቅቃል። ማለትም አያቶቻችን ለጨዋታው አደጋ ጋሻ፣ ለሰው ቁጣ ደግሞ ይሉኝታ አዘጋጅተው ነበር።

ይሉኝታው ዛሬ ሳስቷል። ታዲያ በምን እንተካው? ዱከም የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን የሚገኘው እዚያው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያዛል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሄልሜት ሊሰጠው የሚገባ ወጣት እሁድ ፊሽካ ሲይዝ ግን «አሠሪዬ» የሚለው ሰው የለውም።

እኛ ብዙ አንጠይቅም። ውድድር ሲጀመር እያንዳንዱ ቡድን ዋስ ይጥራ። በዳኛ ላይ እጁን ያነሳ ለዚያ ዓመት ይሰናበት፤ ቅጣቱም ለከርሞ አይተላለፍ። ከመመዝገቢያው ብር ላይ ለዳኛው ማሳከሚያ ይቀመጥ። ጨዋታው ሲያልቅ ሁለት ሰው ቤቱ ድረስ ይሸኘው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከአንድ የዋንጫ ድግስ አይበልጥም።

ያንን ልጅ ደወልንለት። ውድድሩ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው «እናቴ ለመነችኝ» ብሎ ዳኝነቱን እንደተወ ነገረን። ፊሽካውን ለአዘጋጆቹ መልሷል። «ማን ተቀበለህ?» አልነው።

«ጠረጴዛ ላይ ነው ያስቀመጥኩት» አለን።

ቸር እንሰንብት!