ሬድዮና አውቶሞቢል፦ ባለመኪናዎች በእጃቸው የሠሩት ታሪክ

አውቶሞቢል በተፈጠረበት ዘመን ከሞተሩ ጩኸትና ከጡሩምባው በቀር ሌላ ድምፅ አልነበረውም። ዛሬ ዜና፣ ዘፈንና መዝሙር እያሰማ ሲሄድ ይህ ከተፈጥሮው ጋር የተሰጠው ጸጋ ይመስለናል፤ የነገሩን ጥንት ለመረመረ ሰው ግን፣ ፋብሪካው ያላሰበውን መሣርያ ዳሽቦርድ እየበሱ፣ ወለል እየነቀሉና ሽቦ እየዘረጉ በገዛ እጃቸው ያስገቡት ባለመኪናዎችና የእጅ ጥበበኞች እንደ ሆኑ ይገለጥለታል። እንግዲህ የአሮጌ መኪናውን ቴፕ ነቅሎ የተሻለ ለመትከል የሚደክም ሰው፣ ከመኪና ሬድዮ ጋር አብሮ የተወለደ ሙያ ወራሽ ነውና፣ የሙያውን ታሪክ ማወቅ ይገባዋል።

እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1922 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ፣ ጆርጅ ፍሮስት የተባለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በፎርድ ሞዴል ቲ መኪና ውስጥ ሬድዮ እንደ ተከለ ይነገራል። የዚያ ዘመን ሬድዮ የሚሠራው በብርጭቆ ቱቦዎች ሲሆን፣ ቱቦዎቹ ከመኪናው የ6 ቮልት ባትሪ እጅግ የበለጠ ኃይል ይሹ ስለ ነበረ፣ ባለመኪናው ከወለሉ ሥር ሌላ ከባድ ባትሪ መቅበር ግድ ሆነበት። ከዚህም የባሰው ፈተና የሞተሩ እሳት ነበር፤ ካንዴላው ብልጭ ባለ ቍጥር ከእሳቱ የሚወጣው ሞገድ በሬድዮው ላይ ስለሚያርፍ፣ አድማጩ ከጣቢያው ቃል ይልቅ የገዛ ሞተሩን ትክትክታ ይሰማ ነበር። ለዚህም መድኃኒት ሆኖ የተገኘው በካንዴላው መሥመር ላይ ሬዚስተር፣ በዲናሞውም ላይ ካፓሲተር ማሰር ነው።

ይህን መከራ ከታገሡት መካከል ስማቸው ከፍ ብሎ የሚነሣው ፖል ጋልቪንና ወንድሙ ጆሴፍ ናቸው። በ1928 በቺካጎ ያቋቋሙት ትንሽ ፋብሪካ በማግሥቱ ዓመት በደረሰው የኢኮኖሚ ውድቀት በተጨነቀ ጊዜ፣ ፖል ጋልቪን በ1930 ሬድዮ በስቱድቤከር መኪናው ውስጥ አስተክሎ፣ የሬድዮ ሠሪዎች ጉባኤ ወደሚደረግበት ወደ አትላንቲክ ሲቲ ነዳ፤ በአዳራሹም ውስጥ ማሳያ ቦታ ስላልነበረው መኪናውን በደጅ አቁሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለአላፊ አግዳሚው አሰማ። ሞቶሮላ ተብሎ የተሸጠው ይህ መሣርያ ዋጋው ከ110 እስከ 130 ዶላር ይደርስ ነበር። በኤውሮጳም ብላውፑንክት በ1932 ያወጣው የመኪና ሬድዮ 15 ኪሎ ያህል ይመዝን፣ ዋጋውም የአንድ ትንሽ መኪና ሢሶ ያህል ነበር።

በዚያ ዘመን የብዙ መኪኖች ጣራ መካከሉ በእንጨትና በሽቦ ወንፊት ላይ የተወጠረ ጨርቅ ስለ ነበረ፣ ሬድዮ ተካዮቹ ብልሃት አግኝተው ወንፊቱን ራሱን አንቴና አደረጉት። ጄኔራል ሞተርስ በ1935 ሞዴሎቹ ጣራውን ከወጥ ብረት መሥራት በጀመረ ጊዜ ግን፣ ብረት ሞገድን የሚከለክል ነውና፣ አንቴናው ከጣራው ተሰደደ፤ አንዳንዱ ከመርገጫው ሥር አሰረው፣ ሌላውም በመኪናው ፊት እንደ ዘንግ አቆመው። እንዲህ እየሆነ ፋብሪካው መኪናውን በለወጠ ቍጥር የእጅ ጥበበኛው ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረበት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። በ1955 ክራይስለርና ፊልኮ ቱቦ የሌለበትን ባለትራንዚስተር የመኪና ሬድዮ አወጡ፤ በተከታዩ ዓመት ክራይስለር ሸክላ የሚያጫውት መሣርያ በመኪና ውስጥ ቢተክልም፣ መንገድ የሚያናውጠው መርፌ ብዙ ዕድሜ አልነበረውም። ፊሊፕስ በ1963 ለሕዝብ ያሳየው ካሴት ግን ከኪስ የሚገባ፣ መናወጥንም የሚታገሥ ስለ ሆነ፣ ባለመኪናው የጣቢያ አዛዥነት ሳያስፈልገው የወደደውን ዜማ ይዞ እንዲጓዝ አደረገው።

በአገራችን በነፋስ ስልክ የራድዮ ጣቢያ የተመረቀው በ1935 ሲሆን፣ ብሥራተ ወንጌል የተባለው ጣቢያም በ1963 ከአዲስ አበባ ድምፁን ማሰማት ጀመረ። አምሓ እሸቴ ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸው ሸክላዎች ዘመናዊውን ዘፈን ወደ ቤትና ወደ ቡና ቤት አደረሱት፤ ወደ መኪና ውስጥ በሰፊው ያስገባው ግን፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሸክላን የተካው ካሴት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ባለመኪናና የታክሲ ሹፌር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጨነቅለት ቴፑ ሆነ፤ ትልልቆቹ ስፒከሮችም ከኋላ መቀመጫ በስተ ጀርባ፣ ከመስተዋቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ። አዲስ የወጣ ካሴት ያልገዛው ሰው ሳይቀር በታክሲ ተሳፍሮ ሲሄድ ዘፈኑን በቃሉ ያጠናው ነበርና፣ የመኪና ኤሌክትሪሻኖች እጅ ለሙዚቃችን መስፋፋት የዋለው ውለታ ቀላል አይደለም።

አሮጌ መኪና ላይ አዲስ መሣርያ የሚተክል ሰው የዘመናትን ልዩነት በአንዲት ሽቦ ላይ ያገኘዋል። ብዙ የቀድሞ መኪኖች የሚሠሩት በ6 ቮልት ነበር፤ ፎልክስዋገን እንኳ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ አልተወውም። በእንግሊዝ አገር የተሠሩ ብዙ መኪኖች ደግሞ ከአካላቸው ጋር የሚታሰረው፣ ማሳ የምንለው፣ የባትሪው ፖዘቲቭ ነበርና፣ ይህን ሳይመረምር የዛሬ ቴፕ ያገናኘ ሰው ባንድ ቅጽበት ያቃጥለዋል። ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያሳስተው የስፒከሩ ሽቦ ነው፤ በቀድሞው ሥርዐት ከሁለቱ የስፒከር ሽቦዎች አንዱ በብዙ መኪና ላይ ከአካሉ ብረት ጋር ይታሰር ነበር፤ የዛሬው ቴፕ ግን በሁለቱም ሽቦዎች ኃይል ስለሚልክ አንዳቸውም ብረቱን መንካት የለባቸውም። ስለዚህ አስተዋይ ተካይ በአሮጌው ሽቦ ተስፋ ሳያደርግ፣ ለእያንዳንዱ ስፒከር ሁለት አዲስ ሽቦ ከቴፑ ጀምሮ ይዘረጋል፤ አምፕሊፋየር ቢጨምርም ኃይሉን በቀጥታ ከባትሪው ወስዶ፣ ፊዩዙን ከባትሪው ሳያርቅ ያስራል፤ ሽቦው በመንገዱ ላይ ቢላጥና ብረት ቢነካ እሳት ከመነሣቱ በፊት የሚቈርጠው እርሱ ነውና።

የጀርመን መለኪያ የነበረው፣ ፊቱ 180 በ50 ሚሊሜትር የሆነው የቴፕ መጠን በ1984 ዓለም አቀፍ ደንብ ሆኖ መጽደቁ፣ በእኔ አስተያየት፣ ለእጅ ጥበበኛው የተሰጠ ትልቅ ክብር ነው፤ ቴፕ ሠሪውም ሆነ መኪና ሠሪው በአንድ መለኪያ ከተስማሙ፣ ባለመኪናው እንደ ዐቅሙና እንደ ፈቃዱ መለወጥ መብቱ ሆነለት ማለት ነው። በዛሬዎቹ አዳዲስ መኪኖች ግን ድምፁ፣ የአየር ማቀዝቀዣውና የኋላ ካሜራው በአንድ መስተዋት ላይ ስለ ታሰሩ፣ ይህ መብት ቀስ በቀስ እየተነሣ ነው። እንግዲህ ለቴፑ የተተወው ክፍት ቦታ ያልተዘጋበትን አሮጌ መኪና የያዘ ሰው፣ ዳሽቦርዱን በመጋዝ ሳያሰፋ፣ የፋብሪካውን መሰኪያ ሳይቈርጥ፣ ነባሩንም ቴፕ ሳይጥል፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው እጅ ሊፈታውና ሊያሻሽለው በሚችል መንገድ ይሥራ፤ ይህ ሙያ እስከ ዛሬ የቈየው እንዲህ ባሉ እጆች ነውና።