ሥራ ፈጠራ በአምስተኛው ዓመት ይመዘን

የመንዝ ሰው የበጉን ጸጉር ፈትሎ፣ ባና ሠርቶ፣ ገበያ አውጥቶ ሲሸጥ ኖሯል። የሥራ ፈጠራ መምህር ለደብረ ብርሃን ልጅ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አያገኝም። ያም ሆኖ የእጅ ሙያ በአገራችን ለረጅም ዘመን የተናቀ ነበር። እዚሁ አጠገብ አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ለእኔ የሥራ ፈጠራ ትምህርታችን የሚጀምረው ከዚያ አዋጅ ነው፤ የሚሰደብበትን ሥራ ማን ይማራል?

በ1950ዎቹ ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተተከለ፤ ሱፉ ከእጅ ወደ መኪና ገባ። በ1943 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደግሞ በዋናነት የመንግሥትን ቢሮ የሚሞላ የተማረ ሰው ያወጣ ነበር። ምሩቅ ማለት ተቀጣሪ ሆነ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ይህ አስተሳሰብ ሥር ሰዶ ነበር፤ የምሩቁ ቁጥር ግን ዓመት በዓመት ያድግ ነበር።

መፍትሔው ከውጭም ተፈለገ። በ2005 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል ተቋቋመ፤ ሥልጠናውም እ.ኤ.አ. በ1988 አርጀንቲና ውስጥ የተጀመረው ኢምፕሬቴክ ነው። በ2012 ዓ.ም. የተጀመረው ሥርዓተ ትምህርት ኢንተርፕረነርሺፕን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የጋራ ትምህርት አደረገው።

ውጤቱ በምን ይለካ? የሠልጣኝ ብዛት፣ የምስክር ወረቀትና የንግድ ዕቅድ ለበጀት ዓመቱ ሪፖርት ይመቻሉ፤ የቆመ ድርጅት ስለመኖሩ ግን አይነግሩንም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ትምህርቱ የተማሪዎቹን ክህሎት የሚታይ ያህል አላሳደገም፤ ድርጅት የመመሥረት ፍላጎታቸውንም ቀንሶታል። ምናልባት የሥራውን ክብደት ስላወቁ ይሆናል። ይህን ውድቀት ብዬ አልጠራውም።

ከሁሉ የሚከብደው ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ያካሄዱት ጥናት ነው። ተጠኚዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይሆኑ ፋብሪካ ለመቀጠር ያመለከቱ ወጣቶች ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀላት ደብረ ብርሃን እነዚህን ወጣቶች ታውቃቸዋለች። በዕጣ ለተመረጡት አጭር ሥልጠናና 300 ዶላር ያህል ተሰጣቸው። በዓመቱ ገቢያቸው ካልተሰጣቸው በሲሶ በለጠ። በአምስት ዓመቱ ሲጠየቁ ብልጫው ጠፍቶ ተገኘ። በዓመቱ ብቻ ቢለካ ኖሮ ድል ተብሎ ይታወጅ ነበር።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችንን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የምሩቃንን ስልክ ያዙ፤ በአምስተኛው ዓመት ደውሉ፤ የከሰረውንም ከቆመው እኩል ቆጥራችሁ ለሕዝብ አሳውቁ።