ስድስት ነጥብ ያወጣው እንሰት

በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ከእህቴ ልጅ ጋር ስክራብል እየተጫወትን ነበር። ልጁ ስድስት ፊደሎች ደርድሮ «እንሰቴ» የሚል ቃል አወጣ።

«ይኼማ የኛው እንሰት ነው! ምኑ እንግሊዝኛ ሆነ?» ብዬ ተቆጣሁ።

«መዝገበ ቃላቱን እንየዋ፣ ጋሼ» አለኝ። አየን፤ ተረታሁ።

ቃሉን ያሻገረው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ፤ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም እንሰትን፣ ጤፍንና ኮሶን ለእንግሊዝኛ አንባቢ አስተዋወቀ። ጤፍም ዛሬ በዚሁ ጨዋታ ተቀባይነት አለው፤ አሥር ነጥብ ያወጣል። እንሰት ግን ስድስት ብቻ! ምክንያቱ ቀላል ነው። የጨዋታው ፈጣሪ፣ አሜሪካዊው አልፍሬድ በትስ፣ ፊደሎችን ከጋዜጣ ላይ እየቆጠረ፣ ለሚዘወተሩት ትንሽ ዋጋ ሰጣቸው። የእንሰት ፊደሎች ደግሞ ሁሉም ባለ አንድ ነጥብ ናቸው።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ብሩስ ሲዳማን አልረገጠም፤ መዝገበ ቃላት የገባውም በሰሜን የሰማው ስም ነው። ትውልድ በተክሉ የኖረበት የሲዳማ ገበሬ «ዌሴ» ይለዋል፤ ከእርሱ የሚሠራውን ምግብ ደግሞ «ዋሳ»። ቃል ባሕር የሚሻገረው ተክሉን ብዙ ሰው ስለተመገበው ሳይሆን፣ ጸሐፊው በደረሰበት ቀዬ ስለተነገረ ነው ለካ!

ማታ «ዌሴ»ን በልጁ መዝገበ ቃላት ፈልጌ አጣሁት። በሲዳምኛው የላቲን አጻጻፍ ነጥቡን ደመርኩት፦ ስምንት። ገብቶ ቢሆን ኖሮ እንሰትን በሁለት ይበልጠው ነበር።