ሚዛኑ በማን እጅ ነው? ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የቆሼ ድህነት

የኢትዮጵያ የድህነት ጥናት የቁጥር ችግር የለበትም። በ1988 ዓ.ም. ከሕዝቡ 45.5 በመቶ ድሃ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 23.5 በመቶ ሆኗል። በአዲስ አበባ ከ2003 እስከ 2008 ዓ.ም. ከ28.1 ወደ 16.8 በመቶ ወርዷል። የ2008ቱ የድህነት ወለል ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር፤ በቀን ሃያ ብር አይሞላም። ናሙናው ቤት የሌለውን ሰው እንደማያካትት ልብ ይሏል፤ ከዚህ በቀር በስሌቱ ላይ ሙግት የለኝም። ሙግቴ ስለ መንሥኤው ከሚጻፈው ጋር ነው።

መንሥኤ ሲነሣ ተማሪውም መምህሩም የምጣኔ ሀብት ሊቁን አማርትያ ሴንን ይጠራሉ። ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የረሃብ ጥናት ስለ ወሎ ሲጽፍ፣ በ1965 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የእህል መጠን ብዙ እንዳልቀነሰ፣ በደሴ ገበያም ዋጋው እምብዛም እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ እህል ይወጣ እንደነበር አሳይቷል። አርብቶ አደሩን የጎዳው የከብቱ ሞት ብቻ አልነበረም፤ የተረፈውን ከብት በእህል የሚለውጥበት ዋጋም ወድቆበታል። ትክክል ነው። ነገር ግን በሴን ዘንድ ልውውጡ የሚዛባው ድንገት ነው፤ ድርቁ ሲያልፍ ሚዛኑ ወደ ቦታው የሚመለስ ይመስላል። ሚዛኑ ከመጀመሪያው ያዘነበለ ቢሆንስ?

ይህን ጥያቄ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ቀድሞ አንሥቶታል። ያነሣበት መጽሐፍ፣ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»፣ የታተመው ደራሲው በ1911 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ነበርና የሚገባውንም የሚወጣውንም ዕቃ በዓይኑ ያይ ነበር። ዕውቀት ያነሰው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲገበያይ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ሰዓት ሥራ እንደሚለውጥ፣ ጥሬ ዕቃ ሽጦ የተሠራ ዕቃ መግዛትም እያደኸየው እንደሚሄድ አስረድቷል። ለእርሱ ይህ የክፉ ዘመን አደጋ ሳይሆን የደህናው ቀን ገበያ ነው። ሴን አማርኛ ባለማንበቡ አይወቀስም። የገብረ ሕይወት መጽሐፍ በ1995 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በእንግሊዝኛ ከወጣ ወዲህ ግን የእኛ ዝምታ ሰበብ የለውም። እኛማ ድሮም አማርኛ እናነብ ነበር።

ሐሳቡ በአዲስ አበባው ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ይፈተን። ረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የከተማዋ ቆሻሻ ሲራገፍበት የኖረ ተራራ ነው። ብረቱን፣ መዳቡንና ሃይላንዱን የሚለቅሙ ሰዎች በኪሎ ይሸጣሉ፤ ከዚያ ዕቃው በነጋዴ እጅ አልፎ ከፊሉ ምናለሽ ተራ ምድጃና ባልዲ ይሆናል፣ ከፊሉ ፋብሪካ ይገባል። ለቃሚው በኪሎ የሸጠውን ቆርቆሮ ምድጃ ሆኖ በፍሬ ይገዛዋል። ገብረ ሕይወት በድሬዳዋ ያየው ንግድ እዚህ በአንድ ታክሲ መንገድ ውስጥ ተጠቅልሎ ይታያል። ኪሎውን የሚመዝነው ደግሞ ሁልጊዜ ገዢው ነው።

«ለቃሚው ሙያ ስለሌለው ዋጋው ማነሱ ተፈጥሯዊ ነው» የሚሉ አሉ። ብረት ከብረት፣ ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ለይቶ ማወቅ ሙያ ካልሆነ ሙያ ምን እንደሆነ ይንገሩን። ገብረ ሕይወት ራሱ ጥፋቱን ከመጠን በላይ በዕውቀት ማነስ ላይ ጥሏል፤ በዚህ አልከተለውም። ሌሎች ደግሞ ሴን የጻፈው ስለ ረሃብ እንጂ ስለ ዘወትር ድህነት አይደለም ይላሉ። እንግዲያው ለዘወትር ድህነት እርሱን መጥቀስ ይቁም። ከአንድ ክፍለ ከተማ ተነሥቶ ስለ አገር መደምደም እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ይሁንና ከአትክልት ተራ እስከ ቡና ገበያ የተለየ ነገር አላየሁም።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ተራራው ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። አደጋው የሴን ዓይነት ክስተት ነው፣ ቀን አለው፣ ቁጥር አለው። ሰዎቹን እዚያ ግርጌ ያኖራቸው የኪሎ ዋጋ ግን ቀን የለውም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው በረጲ በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታሰበ ጣቢያ ተመረቀ። በዚህም ሃይላንዱ ሌላ ፈላጊ አገኘ፤ የጣቢያው ምድጃ ግን ለለቃሚው የሚከፍለው የለም።