63 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ?

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በየጊዜው ብቅ የሚል ካርታ አለ። አገሮች በ«አማካይ አይኪው» ቀለም ተቀብተዋል፤ ኢትዮጵያ ላይ 63 የሚል ተጽፎባታል። ከሥሩ ያለውን ስድብ ሳታነቡት አትቀሩም።

ቁጥሩ የተገኘው ሪቻርድ ሊንና ታቱ ቫንሃነን እ.ኤ.አ. በ2002 ካሳተሙት መጽሐፍ ነው። እነሱ ኢትዮጵያ መጥተው ማንንም አልፈተኑም። የወሰዱት እስራኤል ከገቡ ብዙ ያልቆዩ ቤተ እስራኤል ታዳጊዎች የተፈተኑትን ውጤት ነው። አገር ለውጠው፣ ቋንቋ ለውጠው፣ ገና ሳይረጋጉ የተፈተኑ ልጆች ናቸው የመላ አገሩ ናሙና የሆኑት። ኮድ ጽፎ ለሚያድር ሰው ይሄ ዳታ ገና ከበሩ የሚመለስ ነው።

ቁጥሩ ቢጣልም ጥያቄው ይቀራል። ፈተናው ሬቨን ይባላል፤ ቅርጾች ተደርድረው አንዱ ይጎድላል፣ የጎደለውን መምረጥ ነው። ጹሪኤልና ካውፍማን እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት ከኢትዮጵያ የሄዱ የአንደኛ ክፍል ልጆች በእንዲህ ዓይነት ፈተና መጀመሪያ ዝቅ አሉ። አጭር ትምህርት ከተሰጣቸው በኋላ ግን ልዩነቱ በጣም ጠበበ። በአጭር ጊዜ የሚሻሻል ነገር ደግሞ የተፈጥሮ ጣሪያ ሊሆን አይችልም።

ኒውዚላንድ ያስተምር የነበረው ጀምስ ፍሊን ደግሞ የብዙ አገሮችን የቆየ ውጤት አሰባስቦ በየአሥር ዓመቱ 3 ነጥብ ገደማ ጭማሪ እንዳለ አሳየ። ዘር በሁለት ትውልድ እንዲህ አይለወጥም። የተለወጠው ምግቡ፣ ጤናው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የአስተሳሰብ ልማዱ ነው። ሉሪያ የተባለው ሶቪየታዊ ተመራማሪ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኡዝቤኪስታን ሄዶ ያልተማሩ ገበሬዎችን ጠየቀ፦ በሩቅ ሰሜን፣ በረዶ ባለበት፣ ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው፤ ኖቫያ ዜምልያ ሩቅ ሰሜን ነው፤ የዚያ ድብ ምን ዓይነት ነው? ብዙዎቹ «ያላየነውን አንናገርም» ዓይነት መልስ ሰጡ። ትንሽ ትምህርት የቀመሱት «ነጭ» አሉ። እኛ አገር እኮ ያላየውን የሚመሰክር ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ንፋስ መውጫ እንምጣ። ከወረታ ወልድያ በሚያልፈው፣ ሰው «የቻይና መንገድ» በሚለው ላይ ያለች የላይ ጋይንት ከተማ ናት። ጋይንት በአብነት ትምህርት ዓለም ትልቅ ስም ነው፤ የድጓ ማስመስከሪያው ቤተልሔም እዚያ ነው። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ ይዞ፣ ከውሻ እየታገለ ለምኖ ይማራል። የዓመቱን ዜማ ከነምልክቱ በቃሉ እስኪይዝ ዓመታት ያልፋሉ። ቅኔ ቤት የገባው ደግሞ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ አይደግምም፤ በየቀኑ አዲስ መፍጠር አለበት። አንድን ቃል በሰምም በወርቅም ማስኬድ ሬቨን ከሚለካው የሚያንስ ሥራ አይመስለኝም። ፈተናው ግን ለእሱ ቦታ የለውም።

ይሄን ስል አያቶቻችን ሁሉ ሊቅ ነበሩ ማለቴ አይደለም። ቅኔ ቤቱ ካለበት መንደር የአብዛኛው ሰው ልጅ ከብት ጠባቂ ነበር፤ ሴት ልጅማ ቅኔ ቤት መግባቷ እጅግ ብርቅ ነው። የተለወጠው የጭንቅላቱ ዓይነት ሳይሆን፣ ላላዩት ነገር ማሰብን የሚለማመደው ሰው ቁጥር ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገበሬውን ማታ ማታ ፊደል ፊት ያስቀመጠው ለዚህ ነው ባይባልም፣ ውጤቱ ወደዚያ ነው።

ጨው እንኳ ድርሻ አለው። እናት በእርግዝና ጊዜ አዮዲን ካጣች የልጇ አእምሮ ይጎዳል። በ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ በኤርትራ ወደቦች በኩል ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለበት ጨው ተቋረጠ። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ በታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ሕፃናት 40 ያህሉ እንቅርት ነበረባቸው። ጨው ላይ አዮዲን መጨመርን ግዴታ ያደረገው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው።

ኬንያ ኤምቡ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1998 የተፈተኑ የገጠር ልጆች ሲነጻጸሩ የኋለኞቹ በጣም በልጠው ተገኙ፤ አጥኚዎቹ ምክንያት ያሉት የወላጆችን መማር፣ የቤተሰቡን ሁኔታና የልጆቹን ምግብና ጤና ነው። በዚህ መካከል ያለው 14 ዓመት ብቻ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ሚሊዮኖች ሕፃናት ከክፍል ውጭ ሆነዋል። ያን ጊዜ ሰባት ዓመት የሞላቸው ልጆች በ2029 ዓ.ም. ሃያ አንድ ይሞላቸዋል።